ሁለት በረኞች

እኔም በረኛ ነኝ፣ እሱም በረኛ ነው፤
በሱር ከተማ ላይ እንጀራችን ይኸው።
የኔ በር ብረት ነው፣ ቀለሙ የተላጠ፣
የሱ ሦስት እንጨት፣ ለነፋስ የተሰጠ።
በዐረብኛም ብትሄድ «ሐሪስ» ነን ሁለታችን፤
ስም አንድ ያድርገን እንጂ ይለያል ጩኸታችን፦
እኔን ባለመኪና ክላክስ እየነፋ «ክፈት!» ነው የሚለኝ፣
እሱን ሺህ ሰው ቆሞ «ዝጋ!» ነው።

ላስዓድ ይባላል፣ የማህዲያ ልጅ፣
ከቱኒዝ ባሕር ዳር፣ አባቱ ዓሣ አጥማጅ፣
መረብ ሲጠግን ነው የሚውለው ከደጅ።
አንድ ከሰዓት በጥበቃ ቤቴ ጥላ ተቀምጦ አወጋኝ
(ሲቸኩል ግማሹ ያመልጠኛል፤
«ባርሻ» ይላል፣ «ብዙ» ማለቱ ይመስለኛል)፦
«የአባቴ መረብ ሲሞላ ሰርግ ነው፣
የኔ መረብ ሲሞላ ለቅሶ ነው።
እሱ ‹ግባ› እያለ፣ እኔ ‹አትግባ› እያልኩ
ባንድ ጣራ ሥር ስንጸልይ ኖርን፤
አላህ የማንን ይስማ?»

የመጀመሪያ በሩ ሁለት የሰርዲን ሣጥን፣
አሸዋ ላይ ቆሞ፣ ጨው እየበላው እጁን።
ከዚያ ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ከዚያ አንደኛ፣
አንዲት ሌሊት ደግሞ ለአገሩ ተጠራ፣ ሦስተኛ በረኛ።
ቁጥሩ ሃያ ሦስት። መዝሙር ሲዘመር ቆመ፣
ዘጠና ደቂቃ ወንበር አሞቀ፣
ሹራቡ እንደታጠፈ ተመለሰ።
«እናቴ አላጠበችውም» አለኝ፣ «ምኑ ይታጠባል?»

«ለሁለት ዓመት» ብሎ መጣ። ሰባት ሆነ።
መስከረም ላይ እንኳ ሌሊቱ የሚያልበው፣
ጓንት እንደ ስፖንጅ ውኃ የሚጠጣው፣
ኳስ እንደ ሳሙና የሚያዳልጠው
እዚህ ነው።

ከሰላላ የመጡት ፍጹም ቅጣት ምት ያገኙ 'ለት
(ሰዓቱ አልቆ፣ ዳኛው ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ)
በመስኮቴ ጀርባውን ብቻ አየሁ።
ወደ ግራ ወደቀ።
ድው!
መዳፍ ይሁን እንጨት አልለየሁም፤
ጀልባ ሠሪዎቹ ሽማግሌዎች ግን
ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው ሲዘሉ አየሁ።
ማታ ሲወጣ መኪናውን አቁሞ፣ መስታወት ዝቅ አድርጎ
«ዘጋሁ!» አለኝ።
«እኔም» አልኩት።

ግን በረኛን ባዳነው ማን ያስታውሰዋል?
ዘጠና ዘጠኝ ይዞ፣ ባመለጠችው አንዷ ስሙ ይነሣል።
አመለጠችውም። ኅዳር ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ምሽት፣
በእግሮቹ መሃል፣ ቀስ ብላ፣ ወጥ ቤት እንደለመደች ድመት።
መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ ሳቅ።

ከዚያ የአራት ወር ደመወዝ «ነገ» ሆነ።
ትንሿ ጣቱ ተሰብራ ቆልማማ ገጠመች።
አንድ ረጅም ልጅ መጣ፣ ጢም ያላበቀለ።
ከዚያ ደብዳቤ።
ለኔም አንድ ደረሰኝ፣ ማኅተም ያለበት፦
«ካርዱ ተሰርዟል። እንዳይገባ።»

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም በእግሩ መጣ፣
መኪናውን ሸጧል።
«ኢድሪስ» አለኝ።
(እንድሪስ ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ
«ን»ዋን እንኳ አላስገባትም።)
ልግባ አላለም። በሬን ብቻ አየው፣
ማጠፊያውን፣ መቀርቀሪያውን፣
ባለሙያ የባለሙያን ሥራ እንደሚያይ።
ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ፣ ካሜራው ከራሴ በላይ፤
ጉልበቴን አጠፍ አደረግሁ፣ ልክ እንደሱ፣
እጄን ዘረጋሁ፣
ወደ ቁልፉ።

መብራት አላበራም።
ኳስ ከግንብ ጋር ድው፣ ድው ሲል ብቻ ሰማሁ፣
እስከ ሱብሒ አዛን።

በማግሥቱ አለቃዬ ካሜራውን አይቶ
«ማን ነው የገባው?» አለኝ።
«ጎል ነው» አልኩት፣ «ገባብኝ።»
የሦስት ቀን ደመወዝ ቆረጠብኝ።
በሰባት ዓመት አንዲት ናት፤
ለበረኛ አይበዛም።